ባማረ ክር የታሰሩ ሽቦዎች

የሆስፒታሉ ዘበኞች «እሜቴ ሽቦ» የሚል ስም ያወጡላት በክፋት አልነበረም። ምድር ቤት ባለችው የጥገና ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ እጇ የገባ ማሽን ሁሉ እንደ ሙሽራ ተሰናድቶ ነበር የሚወጣው። ሌላው ጠጋኝ ሽቦውን እንደተመቸው ወሻሽቆ ክዳኑን በጉልበቱ ገፍቶ ይዘጋል። እሷ ግን የሚገባውንም የሚወጣውንም ሽቦ አንድ ላይ አሰልፋ፣ በሰም በተቀባ ክር በየሁለት ጣቱ ትቋጥረዋለች። የተረፈውንም አትቆርጥም፤ ጠቅልላ ጥግ ላይ ትሸጉጠዋለች። «ከእኔ በኋላ የሚመጣው ሰው ሽቦ አጠረኝ ብሎ እንዳይረግመኝ» ትላለች።

ክሩ ታሪክ አለው። በወጣትነቷ ሙያ ትምህርት ቤት ስትገባ ከሠላሳ አንድ ወንዶች መሃል ብቸኛዋ ሴት ነበረች። አንዱ ተነስቶ «እህቴ፣ ከሽቦ መርፌና ክር አይሻልሽም?» ሲላት ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ ክር ይዛ መጣች። ያን ቀን የቋጠረችው ሰሌዳ ዓመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ የሳቁባት ሁሉ እያዩት ወጡ ገቡ። ባሏ ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላው ሲሞትባትም ልጁን ያሳደገችው በዚሁ እጇ ነው። እውነቱን ለመናገር በሥራዋ ትንሽ ትኮራ ነበር። ትንሽ እንኳ አይደለም፤ በጣም ትኮራ ነበር።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት «ማሽኑ ምንም እንከን የለበትም» ብላ የፈረመችው። ፊርማዋ በገዛ ምራቷ ላይ የሚያርፍ መሆኑንም አሳምራ ታውቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምራቷ በዚያው ሆስፒታል፣ ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነርስ ናት። ክፍሉ ስምንት ማሞቂያ አልጋዎች አሉት። ሕፃኑ ሆድ ላይ የምትለጠፍ ቀጭን ሽቦ የገላውን ሙቀት ታነባለች፤ ማሽኑም በዚያው ልክ ያሞቃል። ሕፃኑ ከልክ በላይ ሞቀ ብሎ ካመነ ማሞቂያውን ይዘጋና ቀይ መብራት ያበራል። ሰው መጥቶ ቁልፉን እስኪጫን ድረስም መልሶ አያሞቅም። ነርስ አንሶላ ለመቀየር በእጇ ስትዘጋውም የምትበራው ያቺው ቀይ መብራት ናት። ደወል የለውም፤ ያረጀ ማሽን ነው።

ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ሦስተኛው አልጋ ላይ የተኛች ልጅ፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ብዙም የማይበልጥ፣ ገላዋ ቀዝቅዞ ከንፈሯ ጠቁሮ ተገኘች። ቀይዋ መብራት በርታለች፤ ማሞቂያው ጠፍቷል። ሐኪሞቹ ተረባርበው በስንት መከራ አተረፏት። ከዚያ ጥያቄው መጣ፤ ማን አጠፋው? ልጅቷ ቀዘቀዘች እንጂ አልሞቀችም፤ ስለዚህ ማሽኑ በራሱ የሚዘጋበት ምክንያት የለም። የዘጋው ሰው ነው ማለት ነው። ተረኛዋ ደግሞ ምራቲቱ ነበረች። «አልነካሁትም» አለች። የሚሰማት አልተገኘም። ኮሚቴ እስኪወስን ድረስ ከሥራ ታገደች፤ አንድም ሕፃን እንዳትነካ በጽሑፍ ተነገራት።

ማሽኑ ወደ ምድር ቤት ወረደ። አማቲቱ ሁለት ቀን ሙሉ መረመረችው። ክዳኑን ከፍታ ሰሌዳውን አወጣች፤ መለኪያዋን ሰካች፤ አሞቀችው፣ አቀዘቀዘችው፣ በጡጫ መታችው። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተም። የስምንቱንም አልጋዎች ሽቦ ከአራት ወር በፊት የቀየረችው ራሷ ናት፤ ቋጠሮዎቿ ዛሬም አንድ ሳይጎድል ተደርድረው አገኘቻቸው። ፈረመች።

ለዘመድ አደላች እንዳትባል ነው ያሉ ነበሩ። እሱም አለበት። ዋናው ግን ሌላ ነው። ምራቷን በልቧ መዝና ያቀለለቻት ገና ድሮ ነበር፤ ሾርባው ላይ ጨው የረሳች፣ የበሩን ቁልፍ ሁለት ጊዜ የጣለች፣ መስኮት ከፍታ የወጣች ልጅ ናት። አማት ምራት እንደነበረች ትረሳለች ይባላል። ይህችኛዋ ግን ከመርሳትም አልፋ መዝገብ ይዛባት ነበር። ስለዚህ መለኪያው «ደህና ነው» ሲላት ብዙም አልተገረመች።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ በሁለት ክፍል ውስጥ ደግሞ ዝምታ መሸሸጊያ የለውም። አሥራ አንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ በሉ። ምራቲቱ ታቀርባለች፤ አማቲቱ «ተባረኪ» ትላለች፤ በቃ። አናጢ የሆነው ልጇ፣ የምራቲቱ ባል፣ በሁለቱ መሃል ተቀምጦ ማንኪያውን ያያል። ኮሚቴው በሚወስንበት ቀን ጠዋት ግን አልቻለም።

«እማዬ፣ ዛሬ ቢጠይቁሽ ምንድን ነው የምትያቸው?» አላት።

«ያየሁትን ነዋ።»

«እሷንስ አላየሻትም? አራት ዓመት አብራሽ ስትኖር?»

«መለኪያ አይዋሽም፣ ልጄ» አለችና ቦርሳዋን አነሳች። ምራቲቱ በጓዳው በር በኩል እንዳትለብሰው የተከለከለችውን ነጭ የሥራ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቀና አላለችም።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው አራት ሰዓት ላይ ነው። አማቲቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሦስተኛውን ማሽን እየገፋች ሕፃናቱ ክፍል ገባች፤ ምርመራው አልቋልና የክፍሉ ነርሶች «መልሺልን» ብለዋት ነበር። ከሰባቱ አልጋዎች አምስቱ ላይ ሕፃናት ተኝተዋል። ተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች። አማቲቱ ማሽኑን በቦታው አቁማ ስፒናውን ሰካች፤ ቀጭኗን ሽቦ በለብታ ውሃ በተሞላ ከረጢት ላይ ለጠፈች፤ እንደ ልማዷ የመለኪያዋን ጫፎች አገናኘች። አምስተኛው አልጋ ላይ ያለው ሕፃን አክታ አስቸገረውና ነርሷ መምጠጫ ማሽኑን አበራች። አዲስ ነው፤ ከመጣ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሲነሳ እንደ በሬ ያጓራል። መለኪያው ንቅንቅ አላለም። «ደህና ነህ» አለችው ማሽኑን፤ መለኪያውን ነቅላ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች።

ነርሷ መምጠጫውን አጥፍታ እንደገና አበራችው። ሦስተኛው አልጋ ላይ ቀይ መብራት በራ።

«ማን ነካው?» አለች አማቲቱ ዘወር ብላ።

ነርሷ አራት እርምጃ ርቃ ነበር። በአካባቢው ሌላ ሰው የለም። አማቲቱን የገዛ ጥያቄዋ ጆሮዋ ውስጥ ቀረባት።

ቁልፉን ተጭና መብራቷን አጠፋች። «እህቴ፣ ሕፃኑን ከጨረስሽ እስቲ አሁንም አብሪው» አለች። በራ፤ ምንም የለም። በራ፤ ምንም የለም። በሦስተኛው ጊዜ ቀይ። መለኪያዋን መልሳ ሰካች፤ አሥር ጊዜ አስበራች፤ አንዴም የለም። ነቀለችው፤ በሁለተኛው ጊዜ ቀይ። እሷ ስታየው ጨዋ ይሆናል፤ ዘወር ስትል ይባልጋል።

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ» አለች፤ «እኔም ሁለት ጊዜ በርታ አግኝቻታለሁ። ጓደኛዬ ረስታው ነው ብዬ ዝም ብዬ ተጫንኩት። ሌሎቹም እንደዚያው ሳያደርጉ አይቀሩም። ማን ማንን ያስጠይቃል?»

አማቲቱ ካቻቪቴዋን አውጥታ ክዳኑን ፈታች። ቋጠሮዎቿ እንዳማረባቸው ናቸው። ወፍራሙ የኃይል ሽቦ፣ ከጎኑ ሙቀት የምታነበው ቀጭኗ ሽቦ፣ እንደ ባልና ሚስት አንድ ላይ ታስረዋል፤ ትርፉም ጥግ ላይ ተጠቅልሏል። ያን ጊዜ ሙያ ትምህርት ቤት ሳለች የአንድ ቀን ትምህርት ትዝ አላት፤ ጽፋው፣ በፈተና መልሳው፣ ከዚያ የረሳችው። መምህሩ «ጥገኛ» ይሉት ነበር። በሥዕል ላይ ሽቦ መስመር ነው፤ ምንም የለበትም። እጅህ ውስጥ ሲገባ ግን ማንም ያልጠራቸው እንግዶች አብረውት አሉ። ጥቂት ኃይል ያግዳል፤ ከተጠቀለለ የኃይሉን መንገጫገጭ ይይዛል፤ ከሌላ ሽቦ ጎን ከተኛ ደግሞ ሳይነካካ ይቀባበላል፤ የጎረቤት ጠብ በግድግዳ አልፎ እንደሚሰማው።

መምጠጫው ሲያጓራ ወፍራሙ ሽቦ ይናጣል። ቀጭኗ ከጎኑ ታስራ ንዝረቱን ትቀበላለች፤ ማሽኑ ደግሞ ያን ንዝረት ትኩሳት ነው ብሎ ያምንና ይዘጋል። ምድር ቤት መምጠጫ የለም፤ ሰሌዳውን ስታወጣም ሽቦዎቹ ይላቀቃሉ። መለኪያዋም የራሱ ጥገኛ አለው፤ ገመዱ ንዝረቱን ቀድሞ ይውጠዋል። ለካ በሽታውን የሚሸሽግባት የገዛ መመርመሪያዋ ነው።

ምላጯን አውጥታ ክሩን ከላይ እስከ ታች ሸረከተችው። ቀጭኗን ሽቦ ለያይታ ጥቅሉን ቆርጣ ጣለች፤ ጫፏን በብሎን አሰረች። «አብሪ!» ሃያ ጊዜ አስበራች። ሦስተኛው ጨዋ ሆነ። በሃያ አንደኛው ነርሷ ጮኸች፤ ሰባተኛው አልጋ ላይ፣ ሕፃን በተኛበት፣ ቀይዋ በርታለች። ሮጣ ተጫነችው።

አማቲቱ ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባት። ስምንቱንም ያሰረችው እሷ ናት። ስምንቱንም በዚያው ክር፣ በዚያው ፍቅር። በእነዚህ ሳምንታት በየትኛው አልጋ ላይ፣ የትኛው ሕፃን፣ ስንት ደቂቃ? አላወቀችም። ሰዓቱን አየች፤ አራት ሊሆን ሩብ ጉዳይ። ኮሚቴው ዘንድ ብትሄድ እዚህ አንዱ ሕፃን አክታ ያንቀዋል፤ መምጠጫው መነሳት አለበት፤ ሲነሳ ደግሞ የሌላው ማሞቂያ ይዘጋል። እዚህ ብትቀር ምራቷ ከሥራ ተባረረች። ባዶዎቹን ሁለቱን ፈትቶ፣ ሕፃናቱን ወደተፈቱት እያዛወሩ መቀጠል ይቻላል፤ ለዚያ ግን ሕፃን ማንሳት የምታውቅ ሌላ እጅ ያስፈልጋል።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወጣች፤ በሃምሳ አራት ዓመቷ። ምራቲቱ ከኮሚቴው በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

«ተነሺ» አለቻት እያለከለከች። «ማሽኖቹ ናቸው። ሽቦው ነው። እኔ ያሰርኩት ሽቦ ነው። ልጆቹን እያነሳሽ አዛውሪልኝ፤ ማሽኖቹን ልፍታ።»

ምራቲቱ አግዳሚውን በሁለት እጇ ያዘች። «አሁን ይጠሩኛል፣ እትዬ። ስጠራ ከሌለሁ ፈረጠጠች ይሉኛል። ሕፃን ከነካሁ ደግሞ ያው አለቀልኝ።»

«አውቃለሁ።»

ምራቲቱ በሩን አየች። ከዚያ «ስንት ልጆች አሉ?» አለች።

«አምስት።»

ሌላ አልጠየቀችም፤ ከፊቷ ቀድማ ወረደች።

እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። አማቲቱ ባዶዎቹን ሁለቱን በሩብ ሰዓት ፈታች፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዳይሆንባት ጣቶቿን እየገሠጸች። ከዚያ ሕፃናቱ መነሳት ጀመሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ምድር ቤት ስትኖር ምራቷን ሥራ ላይ አይታት አታውቅም። አሁን አየቻት። የእያንዳንዱን ቱቦ አቅጣጫ ሳታይ ታውቃለች፤ ከራስ ቅሉ በታች አንድ እጅ፣ ከወገቡ በታች አንድ እጅ፣ ትንፋሹን እየቆጠረች፣ በለሆሳስ እያወራችው። አስቀምጣ ስትጨርስ ቀይዋን መብራት ታያለች፤ ዘወር ብላ ደግማ ታያታለች። ጨው የምትረሳው ልጅ ይህች ናት? አማቲቱ አፈረች፤ ማፈሪያ ጊዜ ግን አልነበረም።

አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን የቀረው አንድ ነበር፤ ስምንተኛው፣ ከነሕፃኑ። በሩ ተበረገደ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ቆሟል።

«አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?» አለ ምራቲቱን። «ታግደሽ የለም እንዴ? አስጠርተን አጣንሽ፤ እዚህ ሕፃን ታቅፊያለሽ?»

ልክ በዚያች ሰዓት አራተኛው አልጋ ላይ ያለው ሕፃን ማንቁርቱ ተንኮራኮረ፤ ፊቱ ጠየመ። ምራቲቱ ለአስተዳዳሪው ጀርባዋን ሰጥታ የመምጠጫውን ቱቦ አነሳች።

«እትዬ፣ ላብራው?»

«አብሪው። ስምንተኛው ላይ እኔ አለሁ።»

አጓራ። ምንም የለም። ቱቦው ተደፈነ፤ አጥፍታ ጠርጋ እንደገና አበራችው። ስምንተኛው አልጋ ላይ ቀይ መብራት ቦግ አለ። አማቲቱ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ ነበር፤ ሰዎቹ ሁሉ ባዶ እጇን አዩ። ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። ወዲያ ማዶ ሕፃኑ አስነጠሰ፤ አለቀሰም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነፈሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አስተዳዳሪው ድምፁ ረግቦ።

«ሦስተኛው አልጋ ላይ የነበረችውን ልጅ ያቀዘቀዛት ነው» አለችው። «መምጠጫው ሲነሳ ሽቦው ንዝረቱን ይቀበላል፤ ማሽኑ ልጁ ጋለ ብሎ ይዘጋል። ሰው አልነካውም።»

«ሽቦውን እንዲህ ያሰረው ማን ነው?»

ዘበኞቹ የሚቀልዱበት፣ እንግዳ ሲመጣ ፎቶ የሚያነሳው፣ ሠላሳ አንድ ወንዶችን ዝም ያሰኘው ሥራ ነበር። ፊቷን ወደ አስተዳዳሪው አዞረች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ደህና ነው ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ወረቀት ስጡኝ፤ እዚሁ እጽፋለሁ።»

ሰጧት። በማሽኑ ክዳን ላይ አስደግፋ ጻፈች፤ አላሳጠረችም፣ አላድበሰበሰችም። አስተዳዳሪው ሁለት ጊዜ አነበበውና «እርስዎንም እንጠራዎታለን» አላት። ከዚያ ወደ ምራቲቱ ዞሮ አንድ ነገር ሊል ፈለገ፤ ሕፃን ታቅፋ ስላገኛት ተወው። ስምንተኛውን ፈትታ ስትጨርስ ወለሉ ላይ የተቆራረጠ ክር ተበትኖ ነበር። ጠረገችው።

ሁለቱ መታጠቢያው ዘንድ ብቻቸውን ሲሆኑ አማቲቱ ማስረዳት ጀመረች። ስለ ወፍራሙ ሽቦ፣ ስለ ቀጭኗ፣ መለኪያው ንዝረቱን እንዴት እንደዋጠው፤ ምድር ቤት ሆና ልታየው የማትችልበትን ምክንያት ሁሉ። ቃላቷ አላልቅ አሏት። ምራቲቱ እጇን በሳሙና እያሸች አዳመጠቻት። ስትጨርስ ውሃውን ሳትዘጋ ቀና አለች። አልተቆጣችም፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

«እትዬ» አለች፤ «ማሽኑን ሁለት ቀን ሙሉ መረመሩት። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ምን ሆነ ብለው አልጠየቁኝም።»

አማቲቱ እጇን ዘርግታ ውሃውን ዘጋችው። ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖባት፣ «ምን ሆነ?» አለቻት።

«አክታ አነቃት። መምጠጫውን አበራሁላት፤ ጸዳላት፣ ተኛች። ወደሚያለቅሰው ዞርኩ። ስመለስ ቀይ ነው።» ምራቲቱ ፊቷን በክንዷ ጠረገች። «ከዚያ ውጪ ምንም የለም። ይኸው ነው።»

አማቲቱ አንዴ ብቻ «መምጠጫውን» አለች፤ የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቀስ ብላ ቁጭ አለች።